ዘጠኙን ቀን መልስልኝ

ገሜ፣

እንዴት ሰነበትክ አልልህም። በሕይወት ሳለህ እንኳ ስጠይቅህ መልስህ ያው «ደህና ነኝ» ነበር፤ ደህና እንዳልነበርክ አሁን አውቄያለሁ። ከተለየኸኝ ሰባት ወር አለፈ። ወንድምህ ቶሌራና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሲቆጥሩት ሰባት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ነው። እኔ ስቆጥረው ሰባት ወር ከሁለት ቀን ነው። በመሃል ያሉትን ዘጠኝ ቀናት እኔ ባል ያለኝ ሴት ነበርኩ። አንተ ጎሬ ላይ አፈር ለብሰህ፣ እኔ ነቀምቴ ቁጭ ብዬ ይሄ ሰውዬ ስልኩን ለምን አያነሳም እያልኩ ስነጫነጭ ነበር። እነዚያን ዘጠኝ ቀናት ነው የምጠይቅህ።

ሙት ወቃሽ ይሉኛል፤ ይበሉኝ። ይህን ደብዳቤ ማንም ቢያነበው ግድ የለኝም፤ እንዲያውም ያንብቡት። አገር ያወቀውን፣ ፀሐይ የሞቀውን ነገር እኔ ብቻ ሳላውቅ የቀረሁ ሰው ነኝ። አሁን ደግሞ እኔ የማውቀውን ሁሉም ይወቅልኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ፤ ንዴቴ የትም አይሄድም። የሳሎኑ ጣሪያ እንደምታውቀው በበሩ በኩል ያፈስ ነበር፤ «ስመጣ እመታዋለሁ» እያልክ ሦስት ክረምት ያለፈው። ሰው ጠርቼ አሠራሁት። ግማሽ ቀን አልፈጀም። ጓሮ ያለው አቮካዶ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈራ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ወሰደ፣ እኔ አልቀመስኩትም። ሻይ መጠጣት ትቻለሁ። ያመጣኸው የመጨረሻው እሽግ ሳይከፈት ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። ዲግሪዬም ደርሷል። አዎ፣ ያ ስድስት ዓመት ሙሉ ተማሪ ተማሪ እያልክ የጨቀጨቅከኝ ዲግሪ። ፍሬም አስገብተው የትምህርት ቤቱ መምህራን ሰጡኝ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ከአልጋው ሥር አስቀመጥኩት። ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

የማያውቅ ካለ ግን ይኸው። ባለቤቴ ገመቹ ጎሬ አጠገብ ባለው ሻይ ልማት የፋብሪካ መካኒክ ነበር። እኔ ነቀምቴ አስተማሪ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በትዳር ኖርን፤ እሱ በየሁለት ወሩ እየመጣ፣ እኔ እየጠበቅኩ። ጉበቱን ከታመመ ዓመት አልፎት ነበር። ለእኔ አልነገረኝም። «ማሽን ወርዶ እየተጠገነ ነው» ያለኝ ጊዜ ሁሉ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ሲብስበት ደግሞ አብረውት የሚሠሩትን ሰብስቦ አስማላቸው። ቶልቱ አርብ የዲግሪዋን የመጨረሻ ፈተና ትፈተናለች፣ እስከዚያ ምንም እንዳትሰማ አላቸው። እነሱም ማሉለት። ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ሞተ።

እሺ፣ ፈተናው አርብ አለቀ። ታዲያ ቅዳሜ ለምን አልተነገረኝም? ምክንያቱም እሑድ የቶሌራ ልጅ ሠርግ ነበር! ሽማግሌዎቹ እናትህ አገር ዲጋ ተሰብስበው መከሩ፤ ሠርጉ አይበላሽ፣ ሙሽራይቱ ምን በደለች፣ እንግዳው ይሸኝ፣ መልሱ ይለፍ፣ ከዚያ መርዶው ይነገራል ተባለ። ወንድምህ አርብ ጎሬ ሄዶ ቀበረህ። ለእኛ ከብት ልገዛ በደሌ ሄጃለሁ ብሎን ነበር። እሑድ ጠዋት ሱፉን ለብሶ ልጁን ዳረ።

እኔ የለበስኩትን ታስታውሰዋለህ፤ ያንን ለፋሲካ የገዛህልኝን ሐበሻ ቀሚስ ነው። በመዝሙሩ አጨበጨብኩ። እልል አልኩ። ሴቶቹ ከእኔ ጋር ሲያጨበጭቡ ዓይናቸው ወዲያ ወዲያ ይል ነበር፤ አሁን ነው የገባኝ። ቶሌራ ጫማ ላይ ቀይ ጭቃ አይቼ፣ የሙሽራ አባት ጫማውን አይጠርግም እንዴ ብዬ በሰው ፊት ቀለድኩበት። ሳቀልኝ። ሳቀ እኮ ገሜ! የመቃብርህን አፈር ጫማው ላይ ይዞ ሳቀልኝ።

ማክሰኞ ገበያ ወጥቼ ሹራብ ገዛሁልህ። ቡኒ፣ ባለ ዚፕ፣ ወፍራም። ሠርግ ላይ ባለመገኘትህ ተቆጥቼ ነበር፤ ግን የጥር ብርድ የጎሬን ጠዋት ምን እንደሚያደርገው ራስህ ነግረኸኛል። ለመቱ አውቶቡስ ረዳት ሰጠሁት። ማታ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። በማግሥቱም ዝግ ነው። ደሜ ፈልቶ መልእክት ጻፍኩልህ፤ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ስልኬ ላይ አሁንም አለ። «ጠፋህ አይደል? እንደ ጠፋህ ቅር» ይላል።

ይህን ቃል ማን አስጻፈኝ? አንተ ነህ።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች፣ ቶሌራ ከኋላ። ከመካከላቸው አንድም ዕለቱን የሰማ ሰው አልነበረም። ሁሉም ዘጠኝ ቀን አልቅሶ የጨረሰ ነው። እኔ ስጮህ እነሱ ይዘምሩ ነበር፤ ለእኔ አዲስ፣ ለእነሱ አሮጌ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ እንዲህ ያለ ባዳ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

ለምን እንዳደረግከው አውቃለሁ፤ አላውቅም አልልም። ወንድሜ በኪራሙ መንገድ የሞተ ጊዜ መርዶውን ክፍል ውስጥ ቆሜ በስልክ ነው የሰማሁት። ጠመኔ በእጄ እንደያዝኩ ወደቅሁ። ወገኖቼ ከሚኖሩበት ከአያና ወረዳ በዚያ ሰሞን ስልክ በጮኸ ቁጥር እንቀጠቀጥ ነበር። ያን ጊዜ እጄን ይዘህ፣ ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር በድንገት አይደርስብሽም አልከኝ። እኔ የመሰለኝ አብሬሽ እሆናለሁ ያልከኝ ነበር። ለካ እደብቅሻለሁ ማለትህ ነው።

አሁን ስለ እናትህ ልንገርህ፤ ከሁሉም በላይ አንጀቴን ያሳረረው እሱ ነው።

ለአዮ አልተነገራቸውም። ሰማኒያን አልፈዋል፣ ደም ግፊት አለባቸው፣ ከሰሙ ይሞታሉ ተባለ። ሽማግሌዎቹ ወሰኑ፣ ቶሌራ አጸደቀ። እኔም፣ አፈር በበላሁ፣ እሺ አልኩ። ጥቁር ለብሼ ነቀምቴ እኖራለሁ። በወር በወሩ ዲጋ ስሄድ መናኸሪያው ጥግ ጫልቱ ልብስ ሰፊዋ ቤት እገባና ከመጋረጃው ጀርባ ጥቁሬን አውልቄ አበባ ያለበትን ሰማያዊ ቀሚሴን እለብሳለሁ። ጫልቱ ፊቴን አይታ ቅባት ትሰጠኛለች። ከዚያ አዮ ጋ ሄጄ እስቃለሁ። ሲያዩኝ «ኢልሚ ኮ ፋያዳ?» ይላሉ፤ ልጄ ደህና ነው? ደህና ነው እላለሁ። ለምን አይደውልም? ኔትወርክ የለም እላለሁ፤ ተራራው ላይ ኔትወርክ የለም፣ ክረምት ሲሆን ጭራሽ ይጠፋል። አንድ ቀን ይህ ኔትወርክ የሚባለው ለእኔ ሲሆን ብቻ ነው የሚጠፋው አሉኝ። 

በሄድኩ ቁጥር ለአንተ ጭኮ ይሰጡኛል። ገብሱን ራሳቸው ለቅመው፣ ቆልተው አስፈጭተው፣ በንጥር ቅቤ አሽተው፣ በጣሳ ከድነው። ጎሬ ብርድ ነው፣ አጥንቱን ያሞቅለታል ይሉኛል። እቀበላለሁ። ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ ብለው መርቀው ይሸኙኛል። ነቀምቴ አምጥቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ከሻይህ እሽግ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። ለሰው እንዳልሰጠው የአንተ ነው፤ እንዳልበላው ጉሮሮዬ አይቀበለውም። ሰባት ጣሳ ሞላ።

እኚህ ሴት ማን እንደሆኑ አንተ ትረሳለህ? የወሎ ሰፋሪ ልጅ ሆኜ ቤታችሁ ስገባ ቋንቋውን ያስተማሩኝ፣ ቶልቱ ብለው ስም ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው። ልጅ ሳንወልድ ስንቀር ዘመዶችህ ሌላ ሴት ይፈለግለት ሲሉ ዱላቸውን ይዘው የተነሱት እሳቸው ናቸው። ልጄ ይቺ ናት፣ የልጅ ልጅ ካጣሁ አጣሁ ያሉ ሴት ናቸው። እኔ ደግሞ ለእኚህ ሴት አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሼ ዋሸሁ። አንተ ጀመርከው፣ እኔ ቀጠልኩት።

ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቁጭ ስል አልቻልኩም። ዕቃህን ላምጣ ብዬ ተነሳሁ። ቶሌራ ክረምቱ ይውጣ እንጂ አለኝ። ክረምቱ ይውጣ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰማሁት ቃል ነው። ጎሬ ውሰደኝ ስልህ፣ ክረምቱ ይውጣ። ክረምቱ ሲወጣ፣ መንገዱ ይስተካከል። መንገዱ ሲስተካከል፣ ሰላም ይሁን። ደግሞስ ምን አለው ብለሽ ነው፣ ጭቃና ጉም ነው፣ አንቺ የብርድ ሰው አይደለሽም። ስለዚህ ክረምቱ ሳይወጣ፣ በዝናቡ መሃል፣ ጥቁሬን ለብሼ ከነቀምቴ በደሌ፣ ከበደሌ መቱ ሄድኩ። መቱ አድሬ ጠዋት ጎሬ ደረስኩ።

ወይ አንተ! እንዲህ ያለ አገር ነው ጭቃና ጉም ያልከኝ?

ኮረብታው ከላይ እስከ ታች ሻይ ነው። አዲስ እንደተላጨ የልጅ ራስ እኩል የተከረከመ፣ በመሃሉ የሰው መተላለፊያ ቀጭን መንገድ ብቻ ያለው አረንጓዴ። ጉሙ ከሥር እየመጣ ግማሹን ይሸፍንና ተመልሶ ይሄዳል። ከተማዋ ከላይ ሆና ታየዋለች። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ግን የሚጣፍጥ ቅዝቃዜ፤ ነቀምቴ ላይ በበጋ ስንቃጠል አንተ እዚህ ነበርክ ለካ። ለቃሚዎቹ ሴቶች ወገባቸው ላይ ላስቲክ ታጥቀው፣ ቅርጫት በጀርባቸው አዝለው ያወራሉ፤ እጃቸው ሳያዩት ይለቅማል። ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ፣ ከዚያ በላይ አይነኩም። አንዷ የማን ቤተሰብ ነሽ አለችኝ። የገመቹ ሚስት ነኝ ስላት እጇ ቆመ። የሁሉም እጅ ቆመ። እኔ የማላውቃቸው ሴቶች አንድ በአንድ እየመጡ ሳሙኝ፤ እኔ ያልነበርኩበትን ቀብርህን እነሱ ነበሩበት። ተቃጠልኩ ገሜ። ደግ ናቸው፣ እናም ተቃጠልኩ።

ፋብሪካው በር ላይ ስደርስ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ቅጠሉ የሚጠወልግበት ክፍል በሩ ተከፈተና ሽታው መጣ። የአንተ ጠረን ነው! አንገትህ ሥር ያለው፣ ትራስህ ላይ ያለው፣ ስትመጣ በሩን ከመክፈቴ በፊት የማሸተው። ለካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የባሌ ጠረን ነው ብዬ የወደድኩት የጠወለገ ሻይ ኖሯል። ሳቅሁም፣ አለቀስኩም፣ ሰደብኩህም።

ኦቦ ዳባ ቤት ወሰዱኝ። ኦቦ ዳባን እንግዲህ ማንም የማያውቃቸው ካለ፣ ቦይለሩን የሚያነዱት ሽማግሌ ናቸው፤ ካምፑ ውስጥ ከገሜ ጋር በአንድ ግድግዳ አሥራ አራት ዓመት ኖረዋል። ጃኬትህን፣ የመፍቻ ሳጥንህን፣ መጽሐፍ ቅዱስህን አወጡልኝ። መጨረሻ ላይ አንድ ፌስታል አመጡ። ሹራቡ ነው። የዋጋው ወረቀት እንኳ አልተነሳለትም። የአውቶቡሱ ረዳት ከቀብርህ ስድስት ቀን በኋላ አምጥቶ ለገመቹ ሲላቸው ምን እንደሚሉት ጠፍቷቸው ተቀበሉ። ሰባት ወር ሙሉ ምስማር ላይ ሰቅለው እያዩት ኖሩ።

ከዚያ ተቀመጡና አለቀሱ። እኔ ያለቀሱት ለሹራቡ መስሎኝ ነበር። ልጄ፣ አንድ ነገር አንቆኛል፣ ልንገርሽና የምታደርጊኝን አድርጊኝ አሉኝ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቀና አድርጉኝ ብለሃቸዋል። ቀና አደረጉህ። ስልኩን ስጡኝ፣ ቶልቱን ልስማት አልካቸው። ፈተናዋስ፣ አንተው አይደለህ ያስማልከን ሲሉህ፣ ፈተናው ይቅርባት፣ ድምጿን ልስማ፣ ልንገራት አልክ። ኦቦ ዳባ ፈሩ። ምለዋል። ደግሞ የተሻለህ መሰላቸው፤ ሁለት ቀን ብቻ ነው የቀረው፣ ልጅቷ ስድስት ዓመት የለፋችበት አይበላሽ ብለው አሰቡ። ስልኩ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ኔትወርክ የለም አሉህ።

እሺ፣ አርብ አልክና ተኛህ።

ኦቦ ዳባ ይህን ሲነግሩኝ እግሬ ሥር ሊወድቁ ነበር፤ ያዝኳቸው። ልጮህባቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ኔትወርክ የለም። ይህችን ቃል ሰባት ወር ሙሉ ለእናትህ ስላት የኖርኩ እኔ ነኝ እኮ! በምን አፌ ልቆጣቸው? እሳቸው አንድ ቀን ዋሹ፤ እኔ በየወሩ፣ በአበባ ቀሚስ። አንተስ ብትሆን በመጨረሻ ሐሳብህን ለውጠህ ነበር፤ ይህን ለማወቅ ሰባት ወር ፈጀብኝ። ልትነግረኝ ፈልገህ ነበር። ድምፄን ፈልገህ ነበር። እኔ ደግሞ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነቀምቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ደብተር እያገላበጥኩ ነበር፤ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ሙሉ ቻርጅ ነበረው። ሰው የጠመጠመልህ ውሸት ራስህን አንቆ ያዘህ። ጠምጣሚው ደግሞ አንተው ነህ! በዚህ ምን ላድርግህ?

መቃብርህ ጋ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ቁልቁለቱ ላይ ነው፤ ሻዩን ያያል። ጥሩ ቦታ ነው፤ ይህም አናደደኝ። ብርዱ ሲጠናብኝ ሹራቡን ከፌስታሉ አውጥቼ ለበስኩት። እጅጌው ጣቴን ይሸፍነኛል። እዚያ ቆሜ ያልኩህን ሰምተህ ከሆነ ሰምተሃል፤ እዚህ አልደግመውም፣ እናትህ ያስነብቡኛል።

ስመለስ ነቀምቴ ቤቴ አልገባሁም። መናኸሪያ ወርጄ እዚያው የዲጋ ሚኒባስ ያዝኩ። ሽማግሌ አልጠራሁም፣ ጎሕ አልጠበቅሁም። ዲጋ ስወርድ የገበያ ቀን ነው፤ ጫልቱ ልብስ ሰፊዋ ከሩቅ አይታኝ ሮጣ ወጣች። ቀለም ያለው ነጠላ ይዛ ልታለብሰኝ መጣች፤ ኧረ ቶልቱ፣ እንዲህ ሆነሽ አዮ ጋ ልትሄጂ ነው? ልትገድያቸው ነው? አለችኝ። ነጠላውን መለስኩላትና ሄድኩ። መንገዱ ላይ የሚያውቀኝ ሁሉ ቆሞ ያየኝ ነበር። አንዳንዱ ቶሌራ ጋ እየደወለ ነበር። ቢሞቱብኝስ እያልኩ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ሁለት ጊዜ ልመለስ ቆሜያለሁ።

አዮ በረንዳው ላይ ሰፌድ ይዘው ገብስ ይለቅሙ ነበር። ለጭኮህ።

ቀና ብለው አዩኝ። ከቀሚሴ ወደ ጫማዬ፣ ከጫማዬ ወደ ፊቴ። ልጄ ደህና ነው አላሉም። «ዮም?» አሉ፤ መቼ? በጥር አልኳቸው፤ ከሠርጉ በፊት፣ ሐሙስ። ሰፌዱን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡ። አንድም ገብስ አልፈሰሰም። ጣታቸውን ቆጠሩ፤ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ ነሐሴ እስኪደርሱ ቆጠሩ። ከዚያ ዱላቸውን አነሱና ትከሻዬን መቱኝ። ሁለት ጊዜ። ሦስተኛውን አንስተው እጃቸው ዛለ። ልጄ ሞቶ እልል ስል ዝም ብለሽ አየሽኝ አሉ። ያን ዕለት እኔም አላውቅም ነበር ልል ነበር፤ ተውኩት፤ የሰባቱን ወርስ ምን እላለሁ?

ከዚያ ምን ጠየቁኝ መሰለህ? ጭኮውን ማን በላው አሉ።

ማንም አልበላውም አልኳቸው። ሰባቱም ጣሳ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። ያን ጊዜ ጮኹ። ዲጋ እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምታ አታውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ ሮጦ ገባ፤ ከሰባት ወር በፊት ያለቀሰ ሁሉ እንደገና አለቀሰ፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚያለቅስ ሰው ጋር እኩል አለቀስኩ። ይሞታሉ ሲሉን የነበሩት እናትህ አልሞቱም ገሜ። ተቆጡ።

ልቅሶ ተቀመጥን። አንድ ሰው ነቀምቴ ልኬ ጣሳዎቹን አስመጣሁ። አዮ ለለቀስተኛው ሁሉ በገዛ እጃቸው እየቆረሱ ሰጡ፤ ልጄ ያልበላውን ብሉልኝ እያሉ። ቶሌራ ተቆጥቶ መጣ፤ ገና ከበሩ ማን ፈቀደልሽ ብሎ ሊጮህብኝ ጀመረ። አዮ በዱላቸው እግራቸው ሥር ያለውን መሬት አሳዩት፤ ተቀመጠ። ያ ልገዛ ሄጃለሁ ያልከው ከብት የታል አሉት። እንደ ሕፃን ሆኖ አለቀሰ። ብቻዬን ነው የቀበርኩት አዮ፣ ብቻዬን አለ። ለሰባት ወር ይዞት የዞረውን ያን ጊዜ አየሁ። ገና ይቅር አላልኩትም፤ ጭኮ ግን ሰጥቼዋለሁ።

አዮ ሹራቡን አገላብጠው አሸተቱት፤ አዲስ ነው፣ ምንም የለውም ብለው መለሱልኝ። ጃኬትህን ወሰዱት። ማታ ማታ እሱን ለብሰው ነው የሚተኙት። አሁን ይህን ስጽፍልህ ከጎኔ ናቸው፤ ነቀምቴ ይዣቸው መጥቻለሁ። ምን ትጽፊያለሽ ሲሉኝ ለልጅዎ ነው አልኳቸው። በደንብ ንገሪው አሉኝ። የሻዩን እሽግ ከፍተን ዛሬ ጠጣን። ዲግሪውንም ከአልጋው ሥር አውጥተው ግድግዳው ላይ ያሰቀሉኝ እሳቸው ናቸው፤ ልጄ በሞቱ የከፈለበት ወረቀት አልጋ ሥር አይኖርም ብለው።

እንዳልረሳህ ከፈራህ አትፍራ። ሰው የወደደውን ይረሳ ይሆናል፤ እኔ ግን የወደድኩትም የተቆጣሁትም አንተን ነው፤ አንዱ ቢደክም ሌላው ያስታውሰኛል። በየወሩ ዲጋ ስወርድ የነበረውን መንገድ አልረሳም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላን አልረሳም። ከእንግዲህ ስልኬ ሲጠራ አልፈራም፤ ማንም ለእኔ ብሎ ምንም እንዳይደብቀኝ ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ እኔም ማንንም አልደብቅም። ዘጠኙን ቀን እንደማትመልስልኝ አውቃለሁ። ግን ሁልጊዜ እጠይቅሃለሁ።

በጳጉሜን ከአዮ ጋር እንመጣለን። ቶሌራ ክረምቱ ይውጣ ብሎ ነበር፤ አዮ አዩትና ተወው። ጭቃ ይሆናል፣ ጉም ይሆናል፣ ኦቦ ዳባ ከመቱ ይቀበሉናል። ገብሱ ተቆልቷል፤ ትኩስ ጭኮ ይዘንልህ እንመጣለን፣ ለቃሚዎቹም ይበላሉ። እናትህ ዱላቸውንም ይዘዋል፤ ለአንተ ነው ብለዋል።

ተዘጋጅተህ ጠብቀን።

ቶልቱ